ለሰመር ጥናት ስፔን ካሚኖ ልሄድ ነው፣ የሄዳችሁ ካላችሁ ምከሩኝ

ሰመር_ተማሪ፦

ሰላም ናችሁ? ጀርመን ማስተርስ ላይ ነኝ፣ የሃይማኖት ጥናት ነው የምማረው (አዎ ስራ የለውም አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ)። ዘንድሮ ሰመር ላይ የመስክ ኮርስ አለን ርእሱ መንፈሳዊ ጉዞ ነው፣ እያንዳንዳችን አንድ ቦታ መርጠን ሄደን ከተጓዦቹ ጋር ሰንብተን አይተን ጠይቀን ጽፈን መመለስ አለብን። አንዷ ፈረንሳይ ሉርድ ያዘች፣ አንዱ ፖላንድ ቼንስቶኾቫ፣ እኔ ደግሞ የስፔኑን የሳንቲያጎ መንገድ ካሚኖ የሚሉትን ወሰድኩ (የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለባት ወደሚሏት ሳንቲያጎ ከተማ የሚወስደው የእግር ጉዞ ነው)። ከሐምሌ አጋማሽ፣ ከያዕቆብ በዓላቸው አካባቢ ጀምሮ አራት ሳምንት ገደማ አለኝ።

አሁን ጭንቀቴ ምን መሰላችሁ፣ አንደኛ ከየት ልጀምር? ከፈረንሳይ ድንበር ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከሚባለው ቦታ ከጀመርኩ 780 ኪሎሜትር ገደማ ነው ጊዜዬ አይበቃም፣ ከሳሪያ ከጀመርኩ ደግሞ መቶ ምናምን ኪሎሜትር ብቻ ስለሆነ ሁሉም "እሱ ጉዞ አይደለም" ይለኛል። ሁለተኛ ሰዎቹን "ለምን ነው የምትሄዱት" ብዬ ልጠይቅ ነው ያሰብኩት ግን ላብ በላብ ሆኖ እግሩ የቆሰለ ሰው ጋ ማስታወሻ ደብተር ይዤ መቅረብ እንደ ሰላይ እየተሰማኝ ነው ገና ሳልሄድ። ሶስተኛ ፍልሰታ እዛው ነው የሚይዘኝ፣ ስፔን ደግሞ ምስር ውስጥም ስጋ ይከታሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

እማዬ ስነግራት "ቁልቢ ሳትሄጂ የፈረንጅ ስለት ልትሳዪ ነው?" ብላ ስልኩን ለአባዬ ሰጠችው። እስቲ ምን ትላላችሁ።

ማድሪድ_ያለሁት፦

እንኳን ደስ አለሽ አሪፍ ቦታ ነው የመረጥሽው። እኔ እዚህ ስፔን ነው የምኖረው፣ መንገዱን በተለያየ ጊዜ በቁራጭ በቁራጭ ሄጄዋለሁ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሳሪያን እርሺው አልልሽም ግን እዛ አትጀምሪ። ኮምፖስቴላ የሚባለውን ሰርተፍኬት ለማግኘት በእግር ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎሜትር መሄድ ነው ህጉ (በሳይክል 200)፣ ሳሪያ ደግሞ ከሳንቲያጎ 115 አካባቢ ላይ ስለሆነች ከጠቅላላው ተጓዥ ወደ አንድ ሦስተኛው እዛ ነው የሚጀምረው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የደብር ወጣቶች በአንድ አይነት ቲሸርት እየዘፈኑ፣ ቦርሳው በመኪና ቀድሞ ይሄዳል፣ ባለቡና ቤቱ ሁሉ የተጓዥ ደብተር ላይ የሚመታ ማህተም ይዞ በር ላይ... ለጥናት ግን እሱም መታየት ያለበት ነገር ነው። የኔ ምክር ከሌዎን ወይም ከአስቶርጋ ጀምሪ፣ ከሌዎን 300 ኪሎሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል ሁለት ሳምንት ሳትጨናነቂ ትጨርሺዋለሽ፣ የቀረሽን ጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጪበት። ከዛ ሳሪያ ስትደርሺ ልዩነቱን በራስሽ አይን ታዪዋለሽ፣ ከኋላ ከሩቅ የመጣው ሰው አዲስ ገቢዎቹን እንዴት እንደሚያያቸው ማየት ራሱ አንድ ምእራፍ ነው በናትሽ። ቀና ብለው ሰላምታ እንኳ አይሰጧቸውም አንዳንዶቹ።

ደግሞ በዚህኛው መስመር ክሩዝ ደ ፌሮ አለ፣ ወደ 1500 ሜትር ከፍታ ላይ ረጅም ግንድ ጫፍ ላይ የቆመች ትንሽ የብረት መስቀል ነች፣ ሰው ከሀገሩ ጠጠር ይዞ መጥቶ ስሯ ይጥላል። እዛ ጋ ብቻ ግማሽ ቀን ቁጭ በይ። አንዱ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ አንዱ የሞተ ልጁን ፎቶ ከጠጠሩ ጋር አስቀምጦ ተንበርክኮ ታገኚዋለሽ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ቀጥሎ ኦ ሴብሬይሮ አለ፣ የመንገዱን አቅጣጫ የሚያሳዩትን ቢጫ ቀስቶች በ1984 (በፈረንጅ) መቀባት የጀመሩት ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ ያገለግሉባት የነበረች መንደር ነች። ያኔ መንገዱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፣ አሁን ቀስቱን ተከትለሽ ካርታ ሳታዪ ትደርሻለሽ።

ማደሪያው አልቤርጌ ይባላል፣ የጋሊሺያ (ሳንቲያጎ ያለችበት ክልል) መንግስት ማደሪያዎች 10 ዩሮ ናቸው፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚያሳድሩሽ ካልታመምሽ በስተቀር፣ ማታ 4 ሰዓት መብራት ይጠፋል በር ይዘጋል። ክሬደንሲያል የሚባለውን የተጓዥ ደብተር መጀመሪያ ያዢ ያለሱ አያስገቡሽም፣ በመጨረሻው 100 ኪሎሜትር በቀን ሁለት ማህተም ማስመታት እንዳትረሺ።

ነቄ_ነኝ፦

እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ካሚኖ የምትሉት ነገር ቱሪዝም ነው። መንግስት ነው ያስነሳው። ወይን እየጠጡ፣ ቦርሳ በታክሲ እየላኩ፣ ኢንስታግራም ላይ እየለጠፉ ምን አይነት መንፈሳዊነት ነው? ግሸን ብትሄጂ መስከረም 21 ላይ በባዶ እግሩ ከስንት ቀን መንገድ የመጣ ሰው ታያለሽ። ጥናት ከሆነ እውነተኛውን አጥኚ እንጂ የፈረንጅ ዌልነስ አታጥኚ።

ማድሪድ_ያለሁት፦

@ነቄ_ነኝ ወንድሜ ሄደህ ታውቃለህ ወይስ በቪድዮ ነው?

ነቄ_ነኝ፦

በቪድዮ 😂 ግን አልተሳሳትኩም

ያላለቀ_ፒኤችዲ፦

ነቄ ግማሽ እውነት አለው፣ ሌላው ግማሽ ግን ለልጅቷ ጥናት የሚጠቅመው ነው እና ሁለቱንም ላንሳው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በ1985 ሳንቲያጎ ደርሶ የተመዘገበው ሰው አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። በ1987 የአውሮፓ ካውንስል መንገዱን የመጀመሪያው የአውሮፓ የባህል መስመር አለው፣ በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በዛው ዓመት የያዕቆብ በዓል ጁላይ 25 እሁድ ላይ ስለዋለ ቅዱስ ዓመት ነበርና የጋሊሺያ መንግስት ትልቅ ማስታወቂያ ሰርቶ ወደ 100 ሺህ ሰው መጣ። 2024 ላይ ወደ 500 ሺህ ተጠግቷል። ስለዚህ አዎ፣ የመንግስት እጅ አለበት። ግን መቼ ያልነበረበት ጊዜ ነበር? በ9ኛው ክፍለ ዘመን መቃብሩ ተገኘ ሲባል ንጉሱ አልፎንሶ ሁለተኛ ነው ከኦቪዬዶ ተነስቶ ሄዶ ቤተክርስቲያን ያሰራው፣ ከዛ በኋላ ያዕቆብ ፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፍ ይዞ ሙስሊሞችን ሲረግጥ ያለበት ሐውልት ሁሉ ተሰርቷል፣ አምባገነኑ ፍራንኮም ተጠቅሞበታል። ንጹህ መንፈሳዊ የነበረበትን ዘመን የሚፈልግ ሰው ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፣ ላያገኘውም ይችላል።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ። "ለምን ትሄዳላችሁ" ብለሽ አትጠይቂ። በጣም ተራ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ የሚመልሰው መልስ አለው፣ "ራሴን ለማግኘት" ይልሽና ያበቃል። ከዚህም የባሰ ደግሞ ሳንቲያጎ ያለው የተጓዦች ቢሮ ስታትስቲክስ አለ፣ ፕሮፌሰርሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም፣ በየዓመቱ ምን ያህሉ በሃይማኖት ምክንያት ምን ያህሉ በሌላ እንደመጣ ያወጣል። እሱን ስትጠቅሺ ተጠንቀቂ። ቢሮው በላቲን የተጻፈውን ኮምፖስቴላ የሚሰጠው በሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ምክንያት ለመጣ ሰው ነው፣ ለስፖርት ነው የመጣሁት ላለ ሌላ ወረቀት ነው የሚሰጡት። እና ሰውየው ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ቆንጆዋን ወረቀት ፈልጎ፣ ፎርሙ ላይ "ሃይማኖት የለኝም" ብሎ ሊሞላ ነው? አንዳንዱ ይሞላል። ብዙው ግን "ሃይማኖታዊና ሌላ" የምትለዋን ይመርጣታል ምክንያቱም ሰፊ ነች ማንም ይገባባታል። ቁጥሩ ውሸት ነው አይደለም የምልሽ፣ ቁጥሩ የተሰበሰበው ሽልማት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ይሄን ብቻ በደንብ ከጻፍሽ ኤ ያሰጥሻል።

ሌላው፣ ክላስ ላይ አንትሮፖሎጂስቱን ቪክቶር ተርነርን አስተምረዋችኋል መቼም፣ ጉዞ ላይ ሰው ማዕረጉን ጥሎ ሁሉም እኩል ወንድማማች ይሆናል የሚለውን። ቆንጆ ሀሳብ ነው፣ ማታ አልቤርጌ ውስጥ አብራችሁ ፓስታ ስትሰሩ እውነት ይመስልሻል። ግን ከሱ በኋላ የመጡት ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኢድ እና ሳልኖ፣ እንዳሉት ቦታው ላይ ሁሉም የየራሱን ትርጉም ይዞ መጥቶ ይሻኮታል፣ የመቶ ኪሎሜትሩና የስምንት መቶው፣ የካቶሊኩና የዮጋው፣ ቄሱና ባለሆቴሉ። ከላይ ማድሪድ ያለው ልጅ ሰላም አይባባሉም ያለሽ ይሄንኑ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ይታያል፣ የቱ መቼ እንደሚሆን መዝግቢ።

እና ደግሞ ዋናው ምክሬ፦ ተጓዡን አታጥኚ። ተጓዥ ላይ የተጻፈው ቤተመጻሕፍት ይሞላል። ቁጭ ብሎ የሚቀበለውን አጥኚ። ሆስፒታሌሮ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ አብዛኞቹ ድሮ ራሳቸው ተጉዘው የጨረሱ ናቸው፣ ከዓመት ፈቃዳቸው ላይ ሁለት ሳምንት ቀንሰው መጥተው ሽንት ቤት ያጥባሉ፣ የሰው እግር ያክማሉ፣ ክፍያው መዋጮ ሳጥን ነው የፈለግሽውን ትከቺያለሽ። ለምን ይሄን ያደርጋሉ? እሱን ጠይቂ። በየማታው ሌላ ሰው በየጠዋቱ ባዶ ቤት፣ ማንም ሁለተኛ አይመለስም፣ የነሱ ጉዞ የቆመ ጉዞ ነው። ራባናል የምትባል መንደር ከአስቶርጋ አንድ ቀን መንገድ ላይ አለች፣ እንግሊዞች የሚያስተዳድሩት መዋጮ አልቤርጌ አላት፣ ከጎኑ ደግሞ በ2001 የተመሰረተች የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም አለች የባቫሪያው ሳንክት ኦቲሊየን ማህበር ነው ያቋቋማት፣ አንቺ ጀርመንኛ ትችያለሽ በር ይከፍትልሻል። ቀድመሽ ጻፊላቸው ግን፣ በሰመር መሃል በር ላይ ቆመሽ አይሆንም።

የሰላይነቱን ነገር በተመለከተ፣ መጀመሪያ ቀን ተማሪ ነኝ ለጥናት ነው የመጣሁት በይ፣ ጮክ ብለሽ፣ እራት ላይ። ከዛ በኋላ የሚፈልግ ራሱ ይመጣል። መኝታ ክፍል ውስጥ ሪከርደር እንዳታወጪ፣ ስም አትጻፊ፣ እያለቀሰ ያወራሽን ሰው በነጋታው "የትናንቱን ልጠቀምበት?" ብለሽ ድጋሚ ጠይቂው። እምቢ ካለ በቃ።

ወለተ_ማርያም_ሮም፦

ልጄ እኔ ትምህርቱን አላውቅበትም ስለ ጾሙና ስለ እግርሽ ልንገርሽ። ከጓደኞቼ ጋር በፖርቱጋሉ በኩል ሄጄ ነበር ከድንበሩ ከተማ ከቱይ፣ ለስለት አይደለም ጡረታ ወጥቼ ቤት ስለሰለቸኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደርሻለሁ።

ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል 22 ይፈታል። የተጓዥ ምሳ የሚሉት መኑ ርካሽ ነው ግን ስጋ ወይ አሳ ከነ ድንቹ ነው ለጾመኛ አይሆንም። ጎመን ሾርባ ካልዶ ጋዬጎ የሚሉት አለ ስታዪው የኛን ጎመን ይመስላል፣ እንዳትቀምሺው፣ የአሳማ ስብ ገብቶበት ነው የሚፈላው። ምስሩም እንደሰማሽው ነው ቾሪዞ ይጨምሩበታል ብዙ ጊዜ። የፓድሮን ቃሪያ በዘይት የተጠበሰ፣ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ፣ ሰላጣ ያለ ቱና በይ ካላልሽ ቱና ሳይጠይቁሽ ይነሰንሱበታል፣ ባቄላ በቆርቆሮ፣ ፍራፍሬ፣ በዚህ ነው የምትከርሚው። ኩሽና ያለበት አልቤርጌ ስታገኚ አብስዪ፣ ግን ልጄ ጋሊሺያ ስትገቢ የመንግስቶቹ ማደሪያ ኩሽናው ያበራል ምድጃው አለ ድስት ግን የለም! አንድም ማንኪያ የለም ብዙዎቹ ጋ። ትንሽ ድስት ከአስቶርጋ ግዢ።

እግርሽ ውሃ ከቋጠረ አታፍርጪው፣ ንጹህ መርፌና ክር ነው እነሱ የሚያደርጉት እኔ አልወደድኩትም፣ ፕላስተሩ ይሻላል። አዲስ ጫማ አድርገሽ እንዳትሄጂ ከአሁኑ ጀምረሽ ተለማመጂበት። ቦርሳሽ ከክብደትሽ አንድ አስረኛ አይብለጥ፣ ላፕቶፕ ይዘሽ እንዳትመጪ ስልክ ይበቃሻል። ሙቀቱ ከባድ ነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሺ ጸሎትሽን መንገድ ላይ አድርሺ። እናትሽን ደግሞ አታስከፊያት፣ ቁልቢም ትደርሻለሽ በላት።

ቀሲስ_ልጅ፦

እህቴ ስለ ሥርዓቱ ማንም ስላላነሳው ነው። ቦታውን ማየት፣ ገብቶ መቆም፣ መጠየቅ ችግር ያለው አይመስለኝም፣ ቁርባን ግን ከእነሱ መቀበል አይፈቀድልንም፣ ተጓዥ ቅዳሴያቸው ላይ ሁሉም ሲሰለፍ ተከትለሽ እንዳትቆሚ። ጥናት ስለሆነ አብሬ ላድርገው የሚል ፈተና ይመጣል፣ ያንን ለንስሐ አባትሽ አስቀድመሽ ንገሪ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ለኛም ቅዱሳችን ነው፣ በስንክሳራችን ሚያዝያ 17 ነው የሚታሰበው፣ ሄሮድስ በሰይፍ እንዳስገደለው ሐዋርያት ሥራ 12 ላይ አለ። አጽሙ በጀልባ ስፔን ደረሰ የሚለው የእነሱ ትውፊት ነው። ኢየሩሳሌም ያሉት አርመኖች ደግሞ የራስ ቅሉ እኛ ዘንድ ነው ያለው ብለው በቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራላቸው ያከብራሉ። ይሄንን ለእናትሽ ብትነግሪያት የፈረንጅ ስለት የሚለው ነገር ይቀል ይሆናል።

ነቄ_ነኝ፦

@ያላለቀ_ፒኤችዲ ስለ ፎርሙ የጻፍከው ግን አሪፍ ነው። ቁልቢ ላይም እኮ እንደዚህ ነው፣ ስለቱ የሰመረለት ነው ጃንጥላውን ምናምኑን ይዞ መጥቶ የሚናገረው፣ ያልሰመረለት ማይክ አይሰጠውም።

ያላለቀ_ፒኤችዲ፦

@ነቄ_ነኝ አየህ፣ አንተም ሜቶዶሎጂ ገባህ። ያልሰመረለትን ፈልጎ ማግኘት ነው ከባዱ። ካሚኖ ላይም አቋርጠው በባቡር የተመለሱትን ማንም አይቆጥራቸውም፣ ቢሮው የሚመዘግበው የደረሰውን ብቻ ነው።

ሰመር_ተማሪ፦

ኧረ ሁላችሁም ተባረኩ፣ ከሴሚናሩ ይልቅ እዚህ ተማርኩ በእውነት። ፕሮፌሰሬን ትናንት አናገርኳት፣ ሆስፒታሌሮዎቹን ላድርግ ስላት "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም" አለችኝ ስለዚህ ርእሱ ተቀይሯል ማለት ነው። እቅዴ ከሌዎን ጀምሬ ቀስ ብዬ ራባናል ድረስ፣ እዛ ከተቀበሉኝ አንድ ሳምንት አብሬያቸው እየሰራሁ፣ ከዛ ወደ ሳንቲያጎ። ጁላይ 25 ሳንቲያጎ አልደርስም ማለት ነው ርችቱ ቀረብኝ። ካቴድራላቸው ውስጥ ያ ትልቁ ጽና ሲወዛወዝ ማየትም ፈልጌ ነበር፣ በየቀኑ ነው እንዴ?

@ወለተ_ማርያም_ሮም እናቴ ድስቷን እገዛለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ግን ከቱይ በዚህ እድሜ? እኔ ፎቁን ስወጣ ነው የሚደክመኝ።

@ቀሲስ_ልጅ የአርመኖቹን ነገር ለእማዬ ነገርኳት፣ "እና ኢየሩሳሌም አትሄጂም ታዲያ?" አለችኝ። አላሸንፋትም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለኝ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ፣ ስፔን ቪዛ ያስፈልገኛል?

ማድሪድ_ያለሁት፦

አያስፈልግሽም፣ የጀርመን ካርድሽ ካላለፈበት በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌላ ሸንገን አገር መሆን ትችያለሽ። ፓስፖርቱንም ካርዱንም ይዘሽ ነይ፣ አልቤርጌ ላይ ይመዘግቡሻል። የህዝብ ጤና ኢንሹራንስ ካለሽ የካርድሽ ጀርባ የአውሮፓው ካርድ ነው ስፔን ክሊኒክ ይሰራልሻል።

ጽናው ቦታፉሜይሮ ነው፣ ከ50 ኪሎ በላይ ነው ስምንት ሰው በገመድ ይጎትተዋል። በየቀኑ አይደለም፣ ትልልቅ በዓላቸው ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ቡድን ከፍሎ ሲያስወጣው። ነሐሴ ላይ ከፋይ ስለማይጠፋ እድል አለሽ። ኦገስት 15 የእነሱ ፍልሰታ ትልቅ በዓል ነው፣ ከቻልሽ ለሱ ድረሺ። ባክፓክ ይዘሽ ካቴድራሉ አያስገቡሽም መጀመሪያ አስቀምጪው።

ወለተ_ማርያም_ሮም፦

ዱላ ግዢ ልጄ ሁለት። ለዳገቱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነው፣ ከክሩዝ ደ ፌሮ ወደ ሞሊናሴካ ሲወርዱ ነው ጉልበት የሚያልቀው ይላሉ የሄዱበት።